ከሙኒክ ወደ ስቴልቪዮ በሞተር፦ መንገዱን ለማያውቅ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ካርታ ላይ ሲያዩት ሙኒክና ሰሜን ጣልያን ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዞውን የሚያቅደው በመኪና ልማድ ነው፤ በቀን 500 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት ሦስት አገር። ሁለተኛው ቀን ላይ ዝናብ መትቶት፣ እጁ ደንዝዞ፣ አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩን ጥሎ ጓደኛው ጋ ይደውላል። መንዳት አቅቶት አይደለም። የመንገዱን ጠባይ ሳያጣራ በመነሳቱ ነው።

ስቴልቪዮ ሰሜን ጣልያን ውስጥ ያለ ከፍተኛ የተራራ መተላለፊያ መንገድ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጀርመን ለሚኖር፣ ቢያንስ አንድ በጋ ሞተር ለነዳ፣ ተራራ ግን ላልሞከረ ሰው ነው። ከሌላ ከተማ ብትነሱም ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ በኋላ ያለው ሁሉ ያው ነው። ወሮቹን በሙሉ የጠራሁት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1. ወረቀቱን ከአንድ ወር በፊት ጨርሱ

መንጃ ፈቃድ

ካርዱን ገልብጡና የሞተሩን ምድብ እዩ። ኤ ሙሉ ነው። ኤ2 እስከ 35 ኪሎ ዋት ድረስ ነው። በመኪና መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ "ቢ196" አስጨምራችሁ 125 ሲሲ የምትነዱ ከሆነ ግን እዚሁ ላይ ቁሙ። ያ ፈቃድ የሚሠራው ጀርመን ውስጥ ብቻ ነው። ኩፍሽታይን ላይ የኦስትሪያን ድንበር ስታልፉ ያለ መንጃ ፈቃድ የምትነዱ ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚመጣውን ጣጣ አስቡት።

ከኢትዮጵያ ወይም ከዓረብ አገር ይዛችሁት የመጣችሁት መንጃ ፈቃድም ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ መቀየር አለበት።

ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ

"ሸንገን ውስጥ ኬላ የለም" ብላችሁ አትዘናጉ። በኦስትሪያና በጣልያን ድንበር ላይ ባለው ብሬነር አካባቢ ፖሊስ ያስቆማል፤ ስትመለሱም የጀርመን ፖሊስ ኩፍሽታይን ላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ፓስፖርቱንም የመኖሪያ ካርዱንም ዋናውን ይያዝ። ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘም እንዲሁ። ፎቶ ኮፒና የስልክ ፎቶ ዋናውን አይተካም።

የጥገኝነት ጥያቄያችሁ ገና ካልተወሰነ፣ በያዛችሁት ጊዜያዊ ወረቀት ከጀርመን መውጣት አትችሉም። ካርዳችሁ እየታደሰ ከሆነና በእጃችሁ ያለው የፊክሲዮን ወረቀት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮን ጠይቁ። አንዳንዱ ወጥቶ መመለስ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም።

ኢንሹራንስ

ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የሞተሩን የኢንሹራንስ ማስረጃ ያዙ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከተበላሸ የሚያነሳላችሁ ዋስትና ከጀርመን ውጭም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ሰው አለኝ ብሎ የሚያስበው በአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራውን ነው። ሦስተኛ፣ የጤና መድን ካርዳችሁን ጀርባ እዩ። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ የሚባለው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሞተሩ የጓደኛ ከሆነ

ባለቤቱ ፈርሞበት ሞተሩን እንደፈቀደላችሁ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያዙ። ስሙ፣ የታርጋ ቁጥሩና ቀኖቹ ይኑሩበት። የኪራይ ከሆነ ኦስትሪያና ጣልያን መግባት እንደተፈቀደ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃል አይበቃም። ሞተሩን ስትረከቡ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ የመስታወቱን ጠርዝ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹን ጫፍ፣ የጭስ ማውጫውን ሥር። ሲመለስ ጭቅጭቅ የሚነሳው እነዚህ ላይ ነው።

2. ሞተሩን ከሁለት ሳምንት በፊት አዘጋጁ

ከመነሻው ዋዜማ ማታ ጋራዥ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው መልስ "ዕቃው ይታዘዝ" ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. ጎማ። የጎማው ጥርስ ጥልቀት በሕጉ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀይሩት እላለሁ። አውቶባኑ የኋላ ጎማን መሐሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ እንዲህ የተበላ ጎማ ኩርባ ላይ ሲያጋድል ይንገዳገዳል። አዲስ ካስገባችሁ ከጉዞው በፊት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በዝግታ ንዱበት። አዲስ ጎማ ያንሸራትታል።

ለ. ፍሬን። ሸራውን እዩ። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ አስቀይሩ። ያረጀ ዘይት ውሃ ስለሚይዝ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል፤ ያኔ ማንሻው ስፖንጅ እንደመጨበጥ ይሆናል።

ሐ. ሰንሰለት። ልቅነቱን በመመሪያ መጽሐፉ በተጻፈው መንገድ ለኩ፤ ዕቃውን ከጫናችሁ በኋላም ከልክ በላይ እንዳልተወጠረ እዩ። ሰው ከኋላ የምትጭኑ ከሆነ ሰውየውንም አስቀምጡት።

መ. የጎማ አየር። ከሁለት ሰውና ከሙሉ ዕቃ ጋር የሚያስፈልገው መጠን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይም ተለጥፎ ይገኛል።

ሠ. የድምፅ ልክ። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የኦስትሪያዋ ቲሮል ግዛት ከ2020 ጀምሮ ቆሞ ሲለካ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል የሚበልጥ ሞተር በሞቃቱ ወራት በሮይተ ወረዳ በአንዳንድ መንገዶች እንዳያልፍ ከልክላለች። የሌኽ ሸለቆ፣ የታንሃይም ሸለቆና ሃንቴንዮኽ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ቅጣቱ 220 ዩሮ ነው። ልኩ ያለው የሞተሩ ሊብሬ ላይ ነው፤ በላቲኑ ዩ ፊደልና በ1 ቁጥር የተሰየመውን ሳጥን ፈልጉ። 96 የሚል ከሆነ ጭስ ማውጫው ኦሪጅናል መሆኑ አያድናችሁም። የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። በኩፍሽታይን በኩል ከሄዳችሁ ግን እነዚህ መንገዶች አይነኳችሁም።

3. ዕቃ

ትንሽ ያዙ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መሐል ይሁን፤ ከኋላ ሳጥን ውስጥ ውሃና መፍቻ የሚከምር ሰው የፊት ጎማውን እያቀለለ ነው።

የማይቀሩት እነዚህ ናቸው፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን (ኦስትሪያ ውስጥ ለሞተርም ግዴታ ነው)፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከላይ የሚደረብ የዝናብ ልብስ፣ ሁለተኛ ጓንት፣ የጎማ መድፈኛና ትንሽ የአየር መሙያ፣ የስልክ ባትሪ፣ የአምስትና የአሥር ዩሮ ኖቶች። ጎማችሁ ከመነዳሪ ያለው ከሆነ መድፈኛው አይረዳችሁም። የመጠባበቂያ ከመነዳሪ ያዙ፣ ወይም የማንሻ ዋስትናችሁ አስተማማኝ ይሁን።

ልብስን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ሜራኖ 325 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ስቴልቪዮ 2757 ሜትር ነው። ሜራኖ 32 ዲግሪ ከሆነ ላይኛው 16 አካባቢ ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ስለዚህ ሹራቡን ከሻንጣ ሥር አትቅበሩት።

4. መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለኩ

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ነው። አውቶባን ላይ 200 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ነው። ተራራ ላይ 200 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀን ነው። ኩርባውን፣ ብስክሌተኛውን፣ አውቶቡሱን፣ ቡናውን፣ ልብስ ማውለቅ መልበሱን ደምሩና አማካይ ፍጥነታችሁን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አድርጉ። የስልካችሁ የካርታ መተግበሪያ በሚነግራችሁ ሰዓት ላይ ግማሹን ጨምሩበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር ተራራ አትለፉ።

የምመክረው የሦስት ቀን መግቢያ ይህ ነው፦

ቀን 1። ሙኒክ፣ ኩፍሽታይን፣ ኢንስብሩክ፣ ብሬነር፣ ስቴርዚንግ። ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አብዛኛው አውቶባን ነው። ከምሳ በኋላ ደርሳችሁ ዕረፉ።

ቀን 2። ከስቴርዚንግ በያውፈን መተላለፊያ (2094 ሜትር) ወደ ሜራኖ፣ ከዚያ በሸለቆው ስቴልቪዮ ሥር ወዳለችው ፕራቶ። ያውፈን መለማመጃችሁ ነው። እዚያ ላይ ከከበዳችሁ ስቴልቪዮን ተዉት፤ ጉዞው አልከሸፈም፣ ሸለቆው ራሱ ያምራል።

ቀን 3። ከፕራቶ ስቴልቪዮ፣ ከዚያ ወደ ቦርሚዮ መውረድ። ሁለቱ አንድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር አይሞሉም። ቢሆንም ለቀኑ ይበቃል።

መቼ ይሄዳል?

ስቴልቪዮ ክረምቱን በበረዶ ተዘግቶ የሚከፈተው እንደ ዓመቱ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። ምርጡ ጊዜ የጁን ማብቂያና ሴፕቴምበር ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለው ዝናብ የተለመደ ስለሆነ መተላለፊያዎቹን ከምሳ በፊት ጨርሱ። በበጋ ደግሞ አንዳንድ ቀን ስቴልቪዮና የዶሎሚቲ መንገዶች ለብስክሌት ተብለው ለሞተር ይዘጋሉ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።

ኦገስት 15 የጣልያኖች ትልቅ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን ጋራዥ ዝግ ነው፣ አልጋ ውድ ነው። ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነ ግን ምግቡ አያስቸግራችሁም፤ ፓስታ በቲማቲም "ሴንሳ ፎርማጆ" በሉ፣ ያለ አይብ ይመጣል።

5. ኦስትሪያን ማለፍ

ሀ. ቪኜቱን (የአውቶባን መጠቀሚያ ክፍያውን) ቀድማችሁ ያዙ። ለሞተርም ያስፈልጋል። የአሥር ቀን ይበቃችኋል።  የኪራይ ሞተር ከሆነ መጀመሪያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የያዛችሁት ተለጣፊ ከሆነ ሻንጣ ላይ ወይም ሄልሜት ላይ አትለጥፉት፤ ከሞተሩ የማይነቀል አካል ላይ መሆን አለበት። ተለጣፊው ካልተለጠፈ አልተከፈለም ማለት ነው።

ለ. ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር ያለው ኤ13 ክፍያው ለብቻ ነው። ቪኜቱ አይሸፍነውም። አሮጌው የብሬነር መንገድ ነፃ ነው፤ ዝግ ያለ ነው ግን ሞተረኛን አያሰለችም።

ሐ. በኢን ሸለቆ ኤ12 ላይ 100 የሚል ምልክት ታያላችሁ። ለአየር ብክለት የተቀመጠ ገደብ ነው፤ መንገዱ ባዶ ቢሆንም ይሠራል። ጀርመን ውስጥ በ160 የለመደ እጅ እዚህ ይቀጣል።

6. ጣልያን፣ የመጀመሪያው ሰዓት

ሁለት ስም ያላቸው ከተሞች

ደቡብ ቲሮል ጣልያን ቢሆንም አብዛኛው ሰው ጀርመንኛ ይናገራል። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ስም አለው። ስቴርዚንግ ቪፒቴኖ ነው። ቦዘን ቦልዛኖ ነው። ሽቲልፍሰር ዮኽ ስቴልቪዮ ነው። መንታ መንገድ ላይ ስታመነቱ እንዳትቆሙ ማታ ላይ የነገውን ቦታዎች ሁለቱንም ስም ጽፋችሁ ታንኩ ላይ ለጥፉ።

የክፍያ መንገድ

አውቶስትራዳ ስትገቡ ማሽኑ ቲኬት ይሰጣል፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ጓንታችሁን አስቀድማችሁ አውልቁ። ቲኬቱን በዚፕ በሚዘጋ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ ጥርስ ላይ ወይም ጓንት ውስጥ አይሆንም። ቲኬት የጠፋበት ሰው ከሩቁ መግቢያ እንደመጣ ተቆጥሮ ይከፍላል።

መውጫው ላይ "ቴሌፓስ" ብቻ የሚል ቢጫ መስመር ውስጥ አትግቡ፤ እሱ ቀድሞ በተመዘገበ መሣሪያ ለሚከፍሉ ነው። የገንዘብና የካርድ ሥዕል ያለበትን ፈልጉ። ተሳስታችሁ ከገባችሁ ወደ ኋላ እንዳትሉ። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው አይጠብቃችሁም። የዕርዳታ ቁልፉን ተጫኑ፤ ያልተከፈለበት ወረቀት ይወጣላችኋል፣ በ15 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ትከፍላላችሁ።

ነዳጅ

ማደያው ሁለት ዋጋ አለው። "ሴልፍ" ራሳችሁ የምትቀዱት ነው። "ሰርቪቶ" ሠራተኛ የሚቀዳላችሁ ነው፣ ዋጋውም ይበልጣል። ሰርቪቶ መስመር ላይ ቆማችሁ ራሳችሁ ብትቀዱም የምትከፍሉት ትልቁን ነው።

ለምሳ ሰዓትና እሑድ ሠራተኛ ላይኖር ይችላል። ያኔ ማሽኑን ተጠቀሙ፦ ኖት አስገቡ፣ የፓምፑን ቁጥር ተጫኑ፣ ቅዱ። ማሽኑ መልስ አይሰጥም። 50 ዩሮ አስገብታችሁ በ18 ዩሮ ታንኩ ከሞላ የተረፈው ደረሰኝ ላይ ይጻፋል፤ ገንዘቡን ለመውሰድ ሠራተኛው ሲመጣ መመለስ አለባችሁ። ትንንሽ ኖት ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቤንዚንና ናፍታ እንዳይምታታባችሁ የእጀታውን ቀለም አትመኑ፣ ምልክቱን እዩ። በመላው የአውሮፓ ኅብረት ክብ ምልክት ቤንዚን ነው፣ አራት ማዕዘን ናፍታ ነው። ናፍታ ከቀዳችሁ ሞተሩን አታስነሱት። ቁልፉንም አትክፈቱ። ገፍታችሁ ዳር አውጡትና አስመጥጡ።

ተራራ ላይ ግማሽ ታንክ ሲቀር ሙሉ።

7. ቶርናንቴ

ዞሮ ወደመጣበት የሚመለሰውን ኩርባ ጣልያኖች ቶርናንቴ ይሉታል። ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ስቴልቪዮ በፕራቶ በኩል 48 አለው። እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ታች 48 ብሎ ይጀምርና ላይ ሲደርስ 1 ይላል። ሸለቆው ውስጥ መተላለፊያው ክፍት ይሁን ዝግ የሚነግር ሰሌዳ ትደርሱበታላችሁ። "አፔርቶ" ክፍት፣ "ኪዩዞ" ዝግ ነው። ኪዩዞ ካለ አትሞክሩት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መውጣት ጀምሩ። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ አውቶቡሱ፣ ብስክሌተኛውና የስፖርት መኪናው አንድ ላይ ይመጣል።

ሰው የሚወድቀው የት ነው? ሽቅብ እየወጣ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ላይ። በቀኝ ስለምንነዳ የቀኙ ኩርባ ውስጠኛው ነው፤ ጠባብም ዳገትም ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1) ከመድረሳችሁ 50 ሜትር በፊት ቀና ብላችሁ ከላይ ያለውን መንገድ እዩ። የሚወርድ አውቶቡስ ካለ ቀጥታው ላይ ጠብቁ። ኩርባው ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ።

2) ፍጥነቱን ቀጥታው ላይ ጨርሳችሁ ቀንሱ። ማርሹንም እዚያው አስተካክሉ፤ ከባድ ሞተር ከሆነ አንደኛ፣ ካልሆነ ሁለተኛ።

3) ከራሳችሁ መስመር ወደ ውጭኛው ጠርዝ ጠጋ በሉ። መሐል መስመሩን ግን አትለፉ። ቸኩለው ወደ ውስጥ የሚያጥፉ ሰዎች መውጫው ላይ ወደ ተቃራኒው መስመር ይገፋሉ።

4) አገጫችሁን ወደ ቀኝ ትከሻ አዙሩና መውጫውን እዩ። የፊት ጎማውን አትዩት። ዓይን የሄደበት ነው ሞተሩ የሚሄደው።

5) ነዳጁን ሳትዘጉ እኩል ያዙት። ለማዘግየት የኋላ ፍሬኑን በስሱ ተጫኑ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ያዙ። እዚህ ላይ ደንግጦ ነዳጅ የዘጋ ሰው ኢንጅኑ ይጠፋበታል፤ ሞተሩም ወደ ውስጥ ይጋደምበታል።

6) ሞተሩ ቀጥ ሲል ብቻ ነዳጅ ጨምሩ።

ዳገት ላይ መቆም ግድ ከሆነ ሞተሩን ቀጥ አድርጉ፣ ግራ እግራችሁን መሬት አሳርፉ፣ ቀኝ እግራችሁ የኋላ ፍሬኑ ላይ ይቆይ። ስትነሱ መጀመሪያ ነዳጅ፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ድረስ መልቀቅ፣ ከዚያ ፍሬኑን መልቀቅ። ይህንን ቤታችሁ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ ተለማምዳችሁ ኑ። እውነቱን ለመናገር ከመንገዱ ሁሉ የሚያስቸግረው ይሄው ነው።

ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ የሚወርደው ለሚወጣው ያሳልፋል።

ቁልቁለት

ስትወርዱ ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ኢንጅኑ ይያዛችሁ። ፍሬን ቀጥታው ላይ ያዝ ለቀቅ እያላችሁ ተጠቀሙ። የኋላውን ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ያግለዋል። ማንሻው ከለሰለሰ ወይም የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ቁሙና ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙ። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል።

ዋሻ

የድሮ መንገዶች ላይ ያሉ ዋሻዎች ጨለማና እርጥብ ናቸው። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነው። ከመግባታችሁ በፊት መነጽሩን አንሱ።

8. ከተማ

"ዜድ-ቲ-ኤል" የሚባለው ከሁሉም በላይ ሰው የሚቀጣበት ነገር ነው። በአሮጌ የከተማ መሐሎች ውስጥ የተፈቀደለት ብቻ የሚገባበት ክልል ነው። በር የለውም፣ ካሜራ ነው ያለው። ምልክቱ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ነው። አጠገቡ ሰሌዳ ካለ "ቫርኮ አቲቮ" ማለት አሁን እየተቆጣጠረ ነው፣ አትግቡ። "ቫርኮ ኖን አቲቮ" ማለት ማለፍ ይቻላል። ሞተር የሚፈቀድበት ከተማ አለ፣ የማይፈቀድበትም አለ፤ ከፊታችሁ ስኩተር ስለገባ እናንተም ትገባላችሁ ማለት አይደለም። ነዋሪ ሊሆን ይችላል።

ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት የታርጋ ቁጥራችሁን ላኩላቸውና ማስመዝገባቸውን ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ አስቀሩ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ከክልሉ ውጭ ያለ፣ ግቢው ውስጥ ሞተር የሚያስገባ ማረፊያ መያዝ ይሻላል።

መኪና ማቆሚያ ላይ ነጭ መስመር ነፃ፣ ሰማያዊ የሚከፈልበት፣ ቢጫ ለሌላ የተያዘ ነው። የሞተር ሥዕል ያለበትን ፈልጉ።

9. ሲበላሽ

ሞተሩ ከወደቀ

መጀመሪያ ከኋላ የሚመጣ እንዳለ እዩ። ቁልፉን አጥፉ። ማርሽ ውስጥ አስገቡት፤ ስታነሱት እንዳይንሸራተት። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አሁኑኑ ዘርጉት፣ ሲነሳ ወደ ግራ እንዳይሄድባችሁ። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጀርባችሁን ለመቀመጫው ስጡ፣ ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው ፍሬሙ ወይም የዕቃ መጫኛው ላይ። በወገብ አትሳቡ፤ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ በእግር ግፉት። ሻንጣውን አስቀድማችሁ ማውረድ ግማሹን ሥራ ያቀልላል።

ከተነሳ በኋላ ዘይት አለማፍሰሱን፣ የፍሬን ማንሻው አለመሰበሩን፣ መሪው እስከ ዳር መዞሩን አረጋግጡ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አስነሱት። እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ገና አትነሱ።

ሰው ከተጎዳ ወይም አደጋ ከሆነ

112 በመላው አውሮፓ ኅብረት ይሠራል። አውቶስትራዳ ላይ በየርቀቱ ያለውን የኪሎ ሜትር ቁጥርና የምትሄዱበትን አቅጣጫ ንገሩ። ከሌላ መኪና ጋር ከተጋጫችሁ የጋራ የአደጋ ቅጹን ሙሉ። ቅጹ በየቋንቋው አንድ ዓይነት ነው፤ የጀርመንኛውን ከቤት ይዛችሁ ውጡና ቁጥሮቹን አመሳክሩ። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ብልሽት

መጀመሪያ ዋስትናችሁ ጋ ደውሉ፣ ከዚያ መካኒክ ፈልጉ። መካኒኩ ጀርመንኛም እንግሊዝኛም ካልሰማ በጋራዥ አማርኛ ሞክሩት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ ካላችሁት ይገባዋል፤ ቃላቱን የወሰድነው ከነሱ ነው።

ፖሊስ ከቀጣችሁ

የውጭ ታርጋ ያለው ሰው እዚያው እንዲከፍል ይጠየቃል። በአምስት ቀን ውስጥ ለሚከፍል ብዙዎቹ ቅጣቶች በ30 በመቶ ይቀንሳሉ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትስጡ።

10. ቤት ከገባችሁ በኋላ

ሰንሰለቱን አጽዱና ቅባ አድርጉ፣ የፍሬን ሸራውን እንደገና እዩ። አንድ የተራራ ሳምንት ከሁለት ወር የከተማ ንጂያ ይበልጥ ይበላዋል።

የካሜራ ቅጣት ወዲያው አይመጣም። የጣልያን ፖሊስ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ማስታወቂያውን ለመላክ 360 ቀን አለው። የኪራይ ሞተር ከሆነ አከራዩ ስማችሁን ለሰጠበት የራሱን ክፍያ ቀድሞ ከካርዳችሁ ይቆርጣል፤ ቅጣቱ ራሱ በኋላ ለብቻው ይደርሳል። ደብዳቤው ሲመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ታርጋውን ከሆቴልና ከክፍያ መንገድ ደረሰኞቻችሁ ጋር አመሳክሩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበራችሁ የሚያሳየው ያ ብቻ ስለሆነ ደረሰኞቹን ዓመት ሳይሞላ አትጣሉ።